ስለ አሮጌ የናስ ጓጉንቸሮች አለያየትና ስለ ዘመናቸው አወሳሰን
(በቦሌ ቡልቡላ ከታየው አንድ ሣጥን በመነሣት)

መግቢያ

የአንድ አገር ታሪክ የሚጻፈው ከዜና መዋዕልና ከደብዳቤ ብቻ አይደለም። ዜና መዋዕል የነገሥታቱን ሥራ፣ ደብዳቤም የመኳንንቱን ጉዳይ ይነግረናል። ነገር ግን ጽሕፈት ባልነበረበት ቤት የኖረው ገበሬ ምን እንደ ነበረው፣ ከየት አገር የመጣ ዕቃ እንደ ገዛ፣ ምኑንስ ሌባ እንዳይወስድበት እንደ ፈራ የሚመሰክርልን ዕቃው ራሱ ነው። ከዕቃዎቹም መካከል ጓጉንቸር የተለየ ምስክር ነው፤ ሰው የማይሳሳለትን ነገር ቆልፎ አያስቀምጥምና።

ቦሌ ቡልቡላ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲያ የሚገኝ ሰፈር ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ወደ ቦሌ በመጣ ጊዜ አካባቢው የእርሻና የግጦሽ አገር ነበር። ዛሬ ጤፍ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ ፎቅ ቤት ቆሞበታል፤ ገና ያልፈረሱት የጭቃ ቤቶችም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቤት ሲፈርስ ሣጥኑ ይጫናል፣ ልብሱ ይጫናል፤ ቁልፉ የጠፋ አሮጌ ጓጉንቸር ግን የሚጭነው የለም። ቆራሌው በኪሎ ይገዛዋል፤ ናስም ከቀለጠ በኋላ ምን እንደ ነበረ አይታወቅም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አሮጌ የናስ ጓጉንቸር በምን በምን ምልክት እንደሚለይና ዘመኑ እስከ ምን ድረስ ሊወሰን እንደሚችል ማሳየት፣ ከዚያም ዘዴውን በቡልቡላ ባየነው አንድ ሣጥን ላይ መሞከር ነው። በሙከራው ላይ ራሳችን የፈጸምነውን ጥፋት ሳንደብቅ ጽፈነዋል፤ ለሌላው ተማሪ ከትክክሉ ይልቅ ጥፋታችን የበለጠ ይጠቅም ይሆናልና። ምልክት ሳይደረግበት የተጻፈው ዓመት የኢትዮጵያ ነው፤ የአውሮፓ ሲሆን እ.ኤ.አ. ብለናል።

1ኛ፤ ስለ ስሙ

በአማርኛ «ቁልፍ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። መቆለፊያውም ቁልፍ፣ መክፈቻውም ቁልፍ፣ የሸሚዝ መያዣውም ቁልፍ ይባላል። ቃሉ በዐረብኛ «ቁፍል» ከሚባለው ጋር መመሳሰሉ ለማንም የሚታይ ነው። በግዕዝ መክፈቻው «መርኆ» ይባላል። ተንጠልጥሎ የሚዘጋው መቆለፊያ ግን «ጓጉንቸር» የሚል የራሱ ስም አለው። ይህ ቃል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘጸአት፣ በግብፅ አገር ላይ የወጣውን የእንቁራሪት ዘር የሚያመለክተው ያው ቃል ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ፊት ለፊቱ ያየው አጭር፣ ወፍራም፣ ሆዱ የተነፋ ዕቃ እንደ ነበረ እንገምታለን፤ ረጅምና ቀጭን ቢሆን ኖሮ ከጓጉንቸር ጋር ባላመሳሰለው ነበር።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። በብረታ ብረት ሠራተኞች ዘንድ ከሚነገሩት ቃላት ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ላሜራ፣ ቶርኖ፣ ሞላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ የመሰሉት ሁሉ። ጓጉንቸር ግን ከነዚህ ወገን አይደለም። ሕዝቡ ለዕቃው የራሱን ስም የሰጠው የጋራዡ ቋንቋ ሳይመጣ ይመስለናል። ይህ ብቻውን ዘመን የሚወስን ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖም ከሌላው ማስረጃ ጋር ሲደመር ዋጋ አለው።

2ኛ፤ ስለ ናሱና ስለ ሰውነቱ አሠራር

ናስ መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የሚሠራ ነው። እንደ ብረት አይዝግም፤ ነገር ግን ከጊዜ ብዛት ቡናማ ይሆናል፣ በእርጥበትም አረንጓዴ ያወጣል። በአገራችን ናስ አዲስ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መግለጫ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ናስን ይቆጥራል፤ ለጌጥ እንደሚሆንና እየተቆራረጠም በገንዘብ ፈንታ እንደሚያገለግል ይናገራል። የእኛም አንጥረኞች መስቀልና ጸናጽል በሰም ቅርጽ እያፈሰሱ ሲሠሩ ኖረዋል። ስለዚህ የፈረንጅ ጽሕፈት የሌለበትን ጓጉንቸር ሁሉ ወዲያው የውጭ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ የአገር ልጅ እጅም ሊኖርበት ይችላል።

የጓጉንቸርን ዘመን ለመገመት በመጀመሪያ የሚታየው ሰውነቱ የተሠራበት መንገድ ነው።

(ሀ) ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ። ውስጡ ሻካራ ሲሆን ክብደት አለው። ይህ አሠራር ከጥንት ጀምሮ እስከ ዛሬ ስላልቀረ ብቻውን ስለ ዘመን የሚናገረው ጥቂት ነው።

(ለ) ከናስ ላሜራ ተቆርጦ የተገጠመ። ፊቱና ጀርባው ሁለት ሰሌዳ ሆኖ ዙሪያውን በጠባብ ናስ ይታሰራል፤ ከዚያም ምስማር በውስጡ አልፎ በሁለቱም በኩል ራሱ ይጠፈጠፋል። በእንግሊዝ አገር በዎልቨርሃምፕተን አጠገብ ያለችው ዊለንሆል የምትባለው ከተማ በዚህ ሥራ የታወቀች ነበረች። ብዙውን ጊዜ በቁልፉ ቀዳዳ ላይ አቧራ እንዳይገባ የምትከልል፣ ወዲያና ወዲህ የምትል ትንሽ ክዳን አለችበት። የ19ኛው መቶ ዓመትና የ20ኛው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጓጉንቸር ብዙውን ጊዜ ይህን ይመስላል።

(ሐ) ከድፍን ናስ ተቆርጦ የተቦረቦረ። በዚህ ዓይነቱ ላይ ፊትና ጀርባ የሚያያይዝ ምስማር አይታይም፤ ሰውነቱ አንድ ወጥ ነው። ይህ አሠራር ሊስፋፋ የቻለው ናስን በግለት ገፍቶ በረጅም ዘንግ መልክ የሚያወጣ መኪና ከተገኘ በኋላ ነው። የዚህንም መኪና አሠራር በ1894 እ.ኤ.አ. ያወጣው አሌክሳንደር ዲክ ነው። ስለዚህ ከዘንግ የተቆረጠ ወጥ ሰውነት ያለው ጓጉንቸር ሲገኝ በተለምዶ የ20ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ሥራ ነው ብሎ መጀመር ይቻላል።

(መ) ስስ ሰሌዳዎች ተደራርበው የተጠፈጠፉ። ይህን ያስፋፋው በአሜሪካ ሚልዎኪ ከተማ በ1921 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሃሪ ሶረፍ የማስተር ኩባንያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሰሌዳው ብረት እንጂ ናስ አይደለም።

ከዚህ ሌላ ትንንሽ ነገሮችም ይረዳሉ። የብሎኑ ራስ እንደ መስቀል የተሰነጠቀ ከሆነ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ላዩ በክሮም የተለበጠ ከሆነ ከ1920ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. አይቀድምም። ናስ የመሰለው ሁሉ ናስ ስላልሆነም ማግኔት ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ማግኔቱ ሰውነቱን ከሳበው ናሱ ልባጥ ብቻ ነው።

3ኛ፤ ስለ ውስጡ አሠራር

ሁለተኛው ምስክር የቁልፉ ቅርጽ ነው። ቁልፉ ቢጠፋ እንኳ ቀዳዳው ይናገራል።

ከሁሉም የቆየው በሞላ የሚዘጋው ነው። ጎባጣው ብረት እንደ ፍላጻ ክንፍ የተዘረጋ ሞላ ይዞ ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ ቁልፉ ከጎን ተገፍቶ ሞላውን ሲጨምቀው ይለቀቃል። ሮማውያን፣ ቻይናውያን፣ ህንዶችና ዐረቦች ሁሉ ተጠቅመውበታል። ብዙ መቶ ዓመት ሳይለወጥ ስለ ኖረ ግን ዘመኑን ከቅርጹ ብቻ መወሰን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ያለ ቁልፍ፣ በፊደል ወይም በቁጥር የሚከፈተውም ቢሆን የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም፤ አል ጀዘሪ የሚባለው መሐንዲስ በ1206 እ.ኤ.አ. በጨረሰው መጽሐፉ ውስጥ እንደዚህ ያለውን መቆለፊያ ገልጾታል።

ሁለተኛው ዓይነት በውስጡ እንቅፋት የተደረገበት ነው። ቁልፉ እንቅፋቱን የሚያልፍበት ጥርስ ይቆረጥለታል፤ ትክክል ያልሆነው ቁልፍ ይጋጭና አይዞርም። ድክመቱን እኛ የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪነት ነው። እያንዳንዳችን የቆርቆሮ ሣጥንና ትንሽ የናስ ጓጉንቸር ነበረን። አንድ ቀን ከቤት የተላከልን በሶ ጎደለ፤ ሲጣራም የአንዱ ተማሪ ቁልፍ የሦስት ተማሪ ሣጥን ይከፍት ኖሯል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እንቅፋቱን የሚነካው የጥርስ ክፍል በሞረድ ከተወገደ የቀረው ቀጭን ጫፍ በሁሉም ውስጥ ይዞራል። እንዲህ ያለው ጓጉንቸር ርካሽ ስለ ሆነ ከጥንት እስከ ቅርብ ጊዜ ሲሠራ ኖሯል።

ሦስተኛው ሌቨር የሚባሉ ስስ የናስ ሰሌዳዎች ያሉበት ነው። ቁልፉ እያንዳንዱን ሰሌዳ ከልኩ ሳያሳንስና ሳያስበልጥ ማንሣት አለበት። ሮበርት ባሮን ይህን በ1778 እ.ኤ.አ. አሻሻለው፤ ጀረማያ ቸብ ደግሞ በ1818 እ.ኤ.አ. ሌላ ሰው ለመክፈት እንደ ሞከረ የሚያሳውቅ አደረገው። በእንግሊዝና በህንድ በተሠሩት ላይ የሌቨሩ ብዛት ብዙ ጊዜ በሰውነቱ ላይ ይጻፋል። በህንድ አገር በዚህ ሥራ እጅግ የታወቀችው ከተማ አሊጋር ናት፤ ጎድሬጅ የሚባለውም ድርጅት በቦምቤይ በ1897 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ሥራው ጓጉንቸርና ቁልፍ ነበረ።

አራተኛው በትንንሽ ዘንጎች የሚሠራው ሲሆን ቁልፉ ጠፍጣፋና ጠርዙ እንደ መጋዝ የተጠረበ ነው። የሐሳቡ መሠረት በጥንታዊው የእንጨት መዝጊያም ይታወቅ ነበር። ዛሬ በኪሳችን ለምንይዘው ቁልፍ መነሻ የሆነውን መልክ የሰጠው ግን አሜሪካዊው ታናሹ ላይነስ ዬል ነው፤ ፓተንቶቹም የ1861 እና የ1865 እ.ኤ.አ. ናቸው። ስለዚህ ጠፍጣፋ ጥርሳም ቁልፍ ያለው ጓጉንቸር የዐፄ ቴዎድሮስ ነው ቢባል አንቀበልም።

4ኛ፤ ስለ ጽሕፈቱና ስለ ምልክቱ

ከሁሉ የሚታመነው ምስክር በናሱ ላይ የተቀረጸው ጽሕፈት ነው፤ ነገር ግን አነባበቡን ማወቅ ያስፈልጋል።

የአገር ስም፦ በ1887 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ የንግድ ምልክት ሕግና ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸናው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ፣ ሸቀጥ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ልማድ አደረጉ። «ሜድ ኢን» የሚል ያለበት ጓጉንቸር እንግዲህ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ወዲህ ነው። «ዌስት ጀርመኒ» የሚል ከሆነ ጀርመን በሁለት ተከፍላ ከነበረችበት ከ1949 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ካለው ጊዜ አይወጣም።

የመዝገብ ምልክት፦ ከ1842 እስከ 1883 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ቅርጹ የተመዘገበ ዕቃ አራት ማዕዘን በማዕዘኑ ቆሞ የሚታይበት ምልክት ይደረግበት ነበር። ከ1884 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ምልክቱ ቀርቶ ከ1 የሚነሣ ተራ ቁጥር ተተካ። ቁጥሩ በ1900 እ.ኤ.አ. ከ350,000 አልፎ ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከተነበበ ቅርጹ የተመዘገበበት ዓመት ይታወቃል። በጀርመን ዕቃ ላይ «ዲ. አር. ጂ. ኤም.» የሚሉት አራት ፊደላት ከ1891 እ.ኤ.አ. አይቀድሙም።

የኩባንያ ስም፦ «ዬል ኤንድ ታውን» የሚለው ስም ከ1883 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። የጀርመኑ አቡስ በ1924፣ የጣሊያኑ ቺዛ በ1926፣ ሌላው የጣሊያን ድርጅት ቪሮ በ1942 እ.ኤ.አ. ተቋቋሙ። በአንጻሩ ስኳየር የሚባለው የዊለንሆል ቤት ዘመኑን ከ1780 እ.ኤ.አ. ስለሚቆጥር ስሙ ብቻ ብዙ አይረዳም።

የመንግሥት ምልክት፦ ዘውድና ፊደል ያለበት የእንግሊዝ ጓጉንቸር የንጉሡን ዘመን ይነግራል። የንግሥት ቪክቶሪያ ከሆነ እስከ 1901 እ.ኤ.አ. ነው። የፍላጻ ጫፍ የመሰለ ምልክት ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት እንደ ነበረ ያመለክታል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ዋና ደንብ ይወጣል። ምልክት «ከዚህ ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም» ያሰኛል እንጂ «በዚህ ዓመት ተሠራ» አያሰኝም። አንድ ቅርጽ ከተመዘገበ በኋላ ብዙ ዓመት ሊሠራ ይችላል፤ ከተሠራ በኋላም ሱቅ ውስጥ ሊቀመጥ፣ ከእጅ ወደ እጅም ሊዞር ይችላል። የተሠራበት፣ ወደ አገር የገባበትና በአንድ ሣጥን ላይ የተንጠለጠለበት ዘመን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

5ኛ፤ ወደ አገራችን የገባበት መንገድ

ስለ መቆለፍ ስናስብ መታወስ ያለበት ነገር፣ ያለ ቁልፍም ብዙ ነገር ይዘጋ እንደ ነበረ ነው። የቤቱን መዝጊያ መቀርቀሪያ ይይዘዋል፤ ጎተራውን ውሻና ጎረቤት ይጠብቀዋል። በመቅደላ በዐፄ ቴዎድሮስ የታሰሩት አውሮፓውያን እንኳ በእግራቸው የገባው ሰንሰለት በመዶሻ የተጠፈጠፈ እንጂ በቁልፍ የተዘጋ አልነበረም፤ በ1860 ሲፈቱም ቀለበቱ በኃይል መከፈት ነበረበት። ግድግዳው ጭቃ በሆነ ቤት ደግሞ መዝጊያው ላይ ጥሩ ጓጉንቸር ማንጠልጠል ብዙ አይጠቅምም። ስለዚህ በገበሬው ቤት ጓጉንቸር በመጀመሪያ የገባው ለሣጥን፣ ኋላ ለበር ይመስለናል። በሣጥኑም ውስጥ ማርትሬዛ ብር፣ ጥይት፣ የክት ልብስና የግብር ደረሰኝ ይቀመጥ ነበር።

ከባቡር በፊት የባሕር ማዶ ሸቀጥ ወደ ሸዋ የሚመጣው ከዘይላና ከታጁራ ወደብ በግመል ነበር። ከባሕሩ ማዶ ያለችው ዐደን ከ1839 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ እጅ ስለ ነበረች የእንግሊዝና የህንድ ዕቃ በእርስዋ በኩል ማለፉ አያስደንቅም። የባቡሩ ሐዲድ ሥራ በ1890 ተጀምሮ ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ከባድ የብረታ ብረት ዕቃ በብዛት መግባት ቻለ። የህንድ፣ የዐረብ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች በአራዳ ገበያ ዙሪያ ሱቅ ነበራቸው፤ ከህንዶቹም መካከል ታላቁ የመሐመድ አሊ ቤት ፋሽስት ጣሊያን በ1937 እ.ኤ.አ. እስከሚያባርረው ድረስ ነግዷል። በዚያው ወረራ ዘመን የአገሬው ገበያ ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ ተዛወረ።

6ኛ፤ በቡልቡላ ያየነው ሣጥን

ከአንድ ጓደኛችን ጋር ሆነን ወደ ቡልቡላ የሄድነው ቤታቸው ሊፈርስ ቀን ወደ ተቆረጠለት አንዲት አሮጊት ዘንድ ነው። ልጃቸው አስቀድሞ የነገረን፣ በሣጥኑ ላይ ያለው ጓጉንቸር የአድዋ ዘማች ከነበሩት ቅድመ አያቱ የወረደ ነው ብሎ ነበር። የጥንት ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ስለ መጣ፣ «ከተማሩ ሰዎች» አንድ ቃል ቢጻፍለት ዋጋው ከፍ እንደሚል ያምን ነበር። እንግዲህ የምንናገረው ነገር በአንድ በኩል የቤተሰቡን ክብር፣ በሌላ በኩል ለአዲሱ ቤት የሚያስፈልገውን ገንዘብ የሚነካ ሆነ።

ጓጉንቸሩን አየነው። ሰውነቱ አንድ ወጥ ናስ ነው፤ ቁልፉ ጠፍጣፋና ጥርሳም ነው፤ በስተ ግርጌውም «ሜድ ኢን ዌስት ጀርመኒ» ይላል። ስለዚህ ከ1949 እ.ኤ.አ. በፊት ሊሆን አይችልም፤ አድዋ ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። በመካከላቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ አለ። ልጃቸው ፊቱ ሲጠቁር አይተን እንዴት እንደምንናገር ጨንቆን ሳለን እማማ ሳቁ።

«ልጆቼ፣ ማን ጓጉንቸሩ ነው አላችሁ? ሣጥኑ ነው እንጂ ያያቴ። የመጀመሪያው ከተሰበረ ወዲህ ሁለት ተለውጦበታል። ይህንን ባለቤቴ ከመርካቶ ገዝቶት ነው።»

ይህን ጊዜ ሣጥኑን ራሱን ተመለከትነው። ጓጉንቸር የሚገባበት የብረት ቀለበት በውስጥ በኩል ተበልቶ ጎድጉዷል። ጉድጓዱ ግን ሰፊ ነው፤ የጀርመኑ ጓጉንቸር ቀጭን ጎባጣ ብረት ያን ያህል ሊበላው አይችልም። እንግዲህ ቀድሞ ወፍራም ብረት ያለው ሌላ ጓጉንቸር ብዙ ዘመን ተንጠልጥሎበት ነበር ማለት ነው። እማማ የምስማር ማጠራቀሚያ ጣሳቸውን አስመጥተው ቢያገላብጡ የተሰበረው ተገኘ። ፊትና ጀርባው በተጠፈጠፈ ምስማር የተያያዘ፣ የቀዳዳው ክዳን ገና የሚንቀሳቀስ፣ ሆዱ የተነፋ፣ በእውነት ጓጉንቸር የሚመስል ነበር። ጎባጣውን ብረት ከቀለበቱ ጉድጓድ ጋር ብናመሳክረው ልክ ሆነ። በፊቱም ላይ በእድፍ መካከል የእንግሊዝ የመዝገብ ምልክትና ቁጥር ታየ። ቁጥሩ ስድስት አኃዝ ሲሆን የመጀመሪያው 2 መሆኑን በደብተራችን ጻፍን።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስንጽፍ እናፍራለን። የቀሩትን አኃዞች አጥርተን ለማንበብ ቸኩለን ናሱን በአመድና በሎሚ አሸነው። እንደ ወርቅ አበራ፤ ቁጥሩ ግን ጠፋ። ፊቱ በእጅ ብዛት እጅግ ስለ ሳሳ ፊደሉን ያሳየን የነበረው ጥልቀቱ ሳይሆን በውስጡ የተቀመጠው እድፍ ኖሯል። ፎቶግራፍ ያነሣነውም ካሸን በኋላ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ ሆነብን።

ጥፋቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት ቁጥሩ ምን ሊነግረን ይችል እንደ ነበረ ማየት ነው። በእንግሊዙ መዝገብ ከ200,000 እስከ 299,999 ያለው ቁጥር የተሰጠው በ1892 እና በ1897 እ.ኤ.አ. መካከል ነው። የአድዋ ጦርነት የሆነው በ1896 እ.ኤ.አ. መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለተኛው አኃዝ 9 ቢሆን ኖሮ ቅርጹ የተመዘገበው ከጦርነቱ በኋላ ስለሚሆን ጓጉንቸሩ ከዘማቹ ጋር ሊመለስ አይችልም ነበር። 1 ወይም 2 ቢሆን ኖሮ ደግሞ የቤተሰቡ ቃል ሊሆን የሚችል ነገር ይሆን ነበር። ያን አንድ አኃዝ በገዛ እጃችን ደመሰስነው። አሁን በእርግጥ ልንል የምንችለው፣ ጓጉንቸሩ ከ1892 እ.ኤ.አ. እንደማይቀድም፣ በዚህ ሣጥን ላይም ከጀርመኑ በፊት ለረጅም ጊዜ እንደ ተንጠለጠለ ብቻ ነው። የአድዋውን ነገር አላረጋገጥነውም፤ አላፈረስነውምም።

በሣጥኑ ውስጥ ምን እንደሚጠበቅ ብንጠይቅ እማማ በጨርቅ የተጠቀለለ የግብር ደረሰኝ አሳዩን። የገጠር መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 በታወጀው አዋጅ የሕዝብ ንብረት ከሆነ ወዲህ ያ ደረሰኝ በሕግ ፊት የሚያስገኘው መሬት የለም። ሆኖም ይኸው እስከ ዛሬ ተቆልፎበት ይኖራል። ከዚህ የተማርነው፣ ጓጉንቸር ዋጋ ያለውን ነገር ብቻ ሳይሆን ሰው ዋጋው እንዲጠፋ የማይፈቅደውን ነገርም እንደሚጠብቅ ነው።

7ኛ፤ ስለ ማታለልና ስለ ጥንቃቄ

አሮጌ ናስ ገንዘብ እንደሚያወጣ ስለ ታወቀ አሮጌ መስሎ የሚሠራም በዝቷል። በእስያ አገሮች የባቡር ኩባንያና የእስር ቤት ስም እየተቀረጸባቸው፣ የሐሰት ዓመትም እየተጻፈባቸው የሚፈስሱ ጓጉንቸሮች በዓለም ገበያ ብዙ ናቸው። እነዚህን የሚያጋልጡ ምልክቶች አሉ። ፊደሉ ደብዛዛና ከሰውነቱ ጋር አብሮ የፈሰሰ ነው፤ አረንጓዴው በሁሉም ስፍራ እኩል ነው፤ ጎባጣው ብረት በሚፋተግበት ቦታ መበላት አይታይም። እውነተኛ አሮጌ ዕቃ ግን የሚያረጀው እጅና ብረት በነካው በኩል ነው።

ይህን ሥራ ለሚሞክሩ ጓደኞቻችን የሚከተለውን እንመክራለን።

(1) በምንም ምክንያት አስቀድሞ ናሱን አለማሸት፤ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ማራገፍ ብቻ ይበቃል።
(2) ብርሃን ከጎን እየመታው ፎቶግራፍ ማንሣት፤ ቀጥሎም በስስ ወረቀት ሸፍኖ በእርሳስ ፈግፍጎ ጽሕፈቱን መገልበጥ።
(3) ቁመቱን፣ ወርዱን፣ የጎባጣውን ብረት ውፍረትና ክብደቱን መጻፍ።
(4) የተንጠለጠለበትን ሣጥን ወይም በር አብሮ መመርመር፤ ጓጉንቸር ይለወጣል፣ ቀለበቱ ግን ያስታውሳል።
(5) የተዘጋውን በኃይል አለመክፈት፤ ቁልፉ ከተገኘም ከጓጉንቸሩ አለመለየት።
(6) ባለቤቱ የሚናገረውን በራሱ ቃል፣ የእኛን ፍርድ ደግሞ በሌላ ገጽ መጻፍ። ልጁ ስለ ጓጉንቸሩ የነገረንና እናቱ ስለ ሣጥኑ የተናገሩት የተለያየ ነበር፤ ቢደባለቅብን ኖሮ ሁለቱንም ሐሰት እናደርገው ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው የአሮጌ ናስ ጓጉንቸር ዘመን የሚወሰነው በአንድ ምልክት አይደለም። የሰውነቱ አሠራር፣ የቁልፉ ዓይነት፣ የተቀረጸበት ጽሕፈት፣ የተንጠለጠለበት ዕቃና የባለቤቱ ቃል አንዱ ሌላውን እያረመ አብረው ሊነበቡ ይገባቸዋል። ውጤቱም ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ሳይሆን «ከዚህ ወዲህ» የሚል ወሰን ብቻ ይሆናል። በዚያ መርካት ከሐሰተኛ እርግጠኝነት ይሻላል።

ልጁ የጠየቀን ወረቀት አልተጻፈለትም። ያገኘነውን ሁሉ፣ ጥፋታችንንም ጭምር በሁለት ቅጂ ጽፈን አንዱን ለእናቱ ሰጠን። የተሰበረውን ጓጉንቸር በስድስት ኪሎ ለሚገኘው ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ቢያበረክቱት ብለን ብንለምናቸው እማማ ለጊዜው እምቢ አሉ። «ቤቱን አስረከብኩ፤ ይህንንማ ይዤው ልግባ» አሉን። እኛም አልተከራከርንም። ከጎረቤታቸው ግን ያልደረስንበት ነበር፤ አንድ ጣሳ ሙሉ አሮጌ ጓጉንቸርና ቁልፍ ከመምጣታችን ከአንድ ሳምንት በፊት ለቆራሌ ተሸጦ ኖሯል። ምን ምን እንደ ነበረበት የሚያውቅ የለም።

በ1940ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ማኅበር አቋቁመው የየአገራቸውን ልማድና የእጅ ሥራ እየጻፉ በመጽሔት ያወጡ ነበር፤ ያን ጊዜ ጽፈው ያስቀሩልን ነገር ዛሬ ለብዙ ጥናት መነሻ ሆኗል። እኛም ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ የምስማር ጣሳውን ብንገለብጥ፣ የአያታችንን ሣጥን ቀለበት ብናይ፣ ያየነውንም ሳናሽ ብንጽፈው ለኋላው ተማሪ አንድ ነገር እንተውለታለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት የሚያገኙ መምህራንና ጓደኞቻችን እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።